የጉማራ ወንዝ ጤንነትና የእኛ የተማሪዎች ድርሻ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



እንዲህ ባለው ቀን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ነው። እኛም የምንናገረው ከዚሁ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ትምህርትንና አገርን በአንድነት የምናይበት አንድ ስፍራ መርጠናል፤ እርሱም ወንዛችን ነው።

በሐሙሲትና በአካባቢዋ ያደገ ልጅ ጉማራን ሳያውቅ አይቀርም። ከብት አጠጥቶበታል፥ ልብስ አጥቦበታል፥ በበጋ በእግሩ ተሻግሮታል፥ በክረምት ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ ፈርቶታል። ዘመዱ ታሞ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሲወሰድ አብሮ የሄደም ወንዙን እዚያው አጠገቡ አይቶታል። ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ በክፍል ውስጥ ስለ ወንዝ ሲጠየቅ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቃል በቃል ይመልሳል እንጂ የራሱን ወንዝ አያነሣም። የወንዙ ዕውቀት በውጭ፥ የትምህርቱ ዕውቀት በውስጥ ቀርቶ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ዛሬ ልንል የተነሣነው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የወንዝ ልጅ ስለ ወንዙ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የጎደለው መለካትና መጻፍ ነው። ትምህርት ቤት ይህን የጎደለውን በወንዙ ዳር ቢያስተምረው ጥቅሙ በማርክ ብቻ አይቀርም፤ ለወረዳችን ሁሉ ይተርፋል።

ወንዝ ዳር ቆሞ በማስተዋል ትልቅ ሳይንስ እንደሚገኝ ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመራመር ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። የቢልሃርዝያ ተሐዋሲ ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ማደግ አለበት። ዶክተር አክሊሉም በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፥ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ ተመለከቱ። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። እርሳቸውም «ይህ ለምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም ወስደው ፈተኑት፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑ ተረጋገጠ። ለዚህም ሥራ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ እንዶድን እናቶቻችን ለዘመናት ሲያጥቡበት ኖረዋል፤ የአገሬው ዕውቀት አስቀድሞ በዚያ ነበረ። ሁለተኛው፥ ያ ዕውቀት ለዓለም የሚጠቅም ሳይንስ የሆነው አንድ ሰው ቆሞ ስላየ፥ ስለ ጠየቀ፥ ስለ ቈጠረና ስለ ጻፈ ነው። ወንዙ አንድ፥ እንዶዱም አንድ ነበር፤ የተጨመረው ማስተዋል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ እንመለስ። ጉማራ የሚነሣው ከጉና ተራራ ነው። የጉና ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጣና ሐይቅ ደግሞ በ1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንግዲህ በጉና ራስ ላይ የወረደች አንዲት የዝናብ ጠብታ ሐይቁ እስክትደርስ ድረስ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ትወርዳለች ማለት ነው። በመንገዷም በፋርጣ፥ በደራና በፎገራ እርሻዎች መካከል ታልፋለች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለው ድልድይ በላይ ውኃውን ወደ ጉማራ የሚያፈስሰው ምድር ስፋቱ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጉማራ ከግልገል ዓባይ፥ ከርብና ከመገጭ ጋር ከጣና ዋና ዋና ገባሮች አንዱ ነው። ስለዚህ በድልድዩ ላይ ቆመን የምናየው ውኃ ከዚያ ሁሉ አገር ወሬ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። በላይ የተደረገው ሁሉ በታች ይታያል።

ታዲያ መልእክተኛው ምን እያለን ነው? በክረምት ውኃው ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ያ ቀለም የውኃ ቀለም አይደለም፤ የእርሻችን አፈር ነው። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተሰብስቦ የሚወርድ ስለ ሆነ፥ ታርሶና ለስልሶ የቈየው ተዳፋት መሬት ቡቃያው ሳይሸፍነው ዶፉ ይደርስበታል። አፈሩም ታጥቦ ይወርድና ወንዙ ሜዳ ሲደርስ፥ የውኃው ፍጥነት ሲቀንስ፥ በፎገራ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ካደረገው ውኃው ከመሄጃው እየወጣ በሰው ቤትና በእርሻ ላይ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን የጎርፍ መከራ ወላጆቻችን ያስታውሱታል።

በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውኃው ይቀንሳል፤ ሽንኩርትና ሌላውን የመስኖ አትክልት ለማጠጣት በየዳርቻው የውኃ መሳቢያ ሞተር ይተከላል። ይህ ሥራ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ከእኛም መካከል ደብተርና ልብስ የተገዛለት በሽንኩርት ዋጋ የሆነ አለ። ነገር ግን በላይ ያለው ሲስብ በታች ያለው ይጐድልበታል፤ ከዚያም ጠብ ይነሣል። በጠቡም ጊዜ የላይኛው «ውኃው እንደ ዱሮው ነው» ይላል፤ የታችኛው «ወንዙ ደርቋል» ይላል። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሲቀመጡ በእጃቸው ያለው የሁለት ሰዎች ቃል ብቻ ነው። በዚያ ስፍራ የአምስት ዓመት የተጻፈ ልክ ቢኖር ለሽማግሌዎቹ እንዴት ያለ እርዳታ በሆናቸው ነበር!

ሌላም አለ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በርቡስ የሚባሉ ዓሦች ይኖራሉ። ሊቃውንት ከእነዚህ ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከጣና ውኃ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱም በርከት ያሉት በክረምት ከሐይቁ እየወጡ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ፤ ንጹሕ ጠጠር ባለበትና ውኃው እየተንኳለለ አየር በሚያገኝበት ስፍራም ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። ያ ዕንቍላል ደለል ከተጫነው ይታፈናል። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ተዝቆ ከተወሰደ ደግሞ ዓሣው ዕንቍላሉን የሚጥልበት ያጣል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በጣና በሞተር ጀልባና በብዙ መረብ የማጥመድ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች እጅግ መቀነሳቸውን በ1990ዎቹ የተደረጉት ጥናቶች አሳይተዋል። ዕንቍላል ለመጣል በሚወጡበት ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትና የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃ ላይ መበተንም የሚጐዳቸው ለዚህ ነው፤ የሚያዘው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ጭምር ነውና።

ከዚህም ሌላ እምቦጭ አለ። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ታየ። እምቦጭ የሚሰባው ከእርሻ ታጥቦ በሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ በሐይቁ ዳር ሕዝብ ተሰልፎ በእጁ ሲነቅለው የነበረው አረም ምግቡን የሚያገኘው ከእኛ ማሳ ጭምር ነው ማለት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ሌላ ሰው የተነገረ እንዳይመስለን።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በሽታ ከታወቀ ሐኪም ይፈለግለታል። የወንዝንም ጤንነት ለማወቅ የሚጀመረው በትልቅ መሣሪያ አይደለም። በአንድ የበጋ ቀዳሚት ጧት አንድ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በወንዙ ዳር ሊሠሩት የሚችሉትን አራት ሥራ ቀጥለን እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ሥራ የውኃውን ጥራት ማየት ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. አንጀሎ ሴኪ የተባሉ ኢጣሊያዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስረው ወደ ባሕር እያወረዱ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ይለኩ ነበር። ይኸው ዘዴ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ወንዛችን በበጋ ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ ለእኛ የሚቀለው ሌላ መንገድ ነው፤ በጠራ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ፥ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ፥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ማስቀመጥ ነው። በማግሥቱ ከታች የረጋውን ደለል በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የመስከረምን ጠርሙስ ከታኅሣሥ ጠርሙስ ጎን ያስቀመጠ ልጅ ስለ አፈር መታጠብ ከዚያ በኋላ ብዙ ስብከት አያስፈልገውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ይህን የሚወስነው የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የውኃውን ብዛት መለካት ነው። ወንዙ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ስፍራ በዳሩ 10 ሜትር ይለካል፤ አንድ ብርቱካን ከላይ ይጣልና እታች እስኪደርስ ድረስ በሰዓት ይቈጠራል። ከዚያም የወንዙ ወርድና ጥልቀት ይለካል። ለምሳሌ ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በ25 ሰኮንድ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰኮንድ 0.4 ሜትር ነው። የወንዙ ወርድ 12 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር ቢሆን፥ 12 በ0.5 ሲባዛ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም በ0.4 ሲባዛ 2.4 ይመጣል። ነገር ግን በወለልና በዳርቻ ያለው ውኃ ከላይኛው ይልቅ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ውጤቱ በ0.85 ይባዛል፤ በሰኮንድ 2 ሜትር ኩብ ወይም 2,000 ሊትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ «ይህ ማባዛት ለምን ይጠቅመናል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን እዚህ ያገኘዋል። አንድ ብርቱካን፥ አንድ ገመድና አንድ ሰዓት ለሽማግሌዎች ጉባኤ የሚቀርብ ማስረጃ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ሥራ በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ትንንሽ ነፍሳት መመልከት ነው። ድንጋዩን በዝግታ አንሥቶ፥ ሥሩ ያለውን በወንፊት ተቀብሎ፥ ውኃ ባለበት ነጭ ሳሕን ላይ ማፍሰስ ነው። ከነፍሳቱ አንዳንዶቹ ንጹሕና ኦክሲጅን የበዛበት ውኃ ካላገኙ አይኖሩም። ከእነዚህ አንዱ በጭራው ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ሦስት ጅራቶች ያሉት ጠፍጣፋ እጭ ነው። ሌላው ከአሸዋና ከስንጥር ለራሱ ትንሽ ቤት ሠርቶ በውስጡ የሚኖር እጭ ነው። በአንጻሩ ደግሞ እንደ ደም የቀላው ቀጭን ትል በቈሸሸ ውኃም ይኖራል፤ ቅላቱ የመጣው በእኛ ደም ውስጥ ካለው ጋር ከሚመሳሰል ነገር ነው፤ ይህም ጥቂቱን ኦክሲጅን አጥብቆ እንዲይዝ ይረዳዋል። እንግዲህ በሳሕኑ ላይ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ከታዩ ወንዙ ደኅና ነው፤ ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ከቀሩ ግን አንድ ነገር ጐድሏል። ጠርሙስ የሚነግረን የዛሬን ውኃ ነው፤ እነዚህ ነፍሳት ግን በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀን ስለ ኖሩ ያለፉትን ሳምንታት ይመሰክራሉ። በደቡብ አፍሪካ ሚኒ ሳስ የተባለ ዘዴ አለ፤ ነፍሳቱን በ13 ወገን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ወገን ነጥብ ይሰጣል፤ የተገኙትም ነጥቦች ተደምረው በወገኖቹ ቍጥር ሲካፈሉ የወንዙ ጤንነት ደረጃ ይታወቃል። በዚህ ዘዴ የትምህርት ቤት ልጆችና የመንደር ሰዎች ይሠሩበታል። ነጥቡ ለዚያ አገር ወንዞች የተመደበ ስለ ሆነ እንዳለ ልንገለብጠው አይገባም፤ አካሄዱን ግን ልንማረው እንችላለን።

አራተኛው ሥራ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው። ይህንን ከሳይንስ ውጭ የሚያደርገው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ከውስጥ እናገባዋለን። በኒው ዚላንድ የሚኖሩት የማኦሪ ሕዝብ የወንዞቻቸውን ጤንነት የሚመዝኑበት መመዘኛ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። በዚያም መመዘኛ ከውኃው ጥራት ጋር የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ አባቶች ከዚህ ወንዝ ያገኙት የነበረው ምግብ ዛሬም ይገኛል ወይ? ሰዎችስ ወደዚህ ስፍራ ተመልሰው ሊመጡበት ይወዳሉ ወይ? እኛም አባቶቻችንን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፤ በልጅነታችሁ በዚህ መሻገሪያ ውኃው በየካቲት እስከ ጕልበት ነበር ወይስ እስከ ቍርጭምጭሚት? ምን ዓይነት ዓሣ ይወጣ ነበር? በዳሩ የነበረው ዛፍ ምን ነበር? የመለኪያ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን የወንዙ መዝገብ የእነርሱ ትዝታ ነው፤ ሳይጻፍ ካለፈም የሚተካው የለም።

የተማሪና የገበሬ ልክ ይታመናል ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ እዚሁ በክልላችን አለ። በአዊ ዞን በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናቡን፥ የወንዙን ከፍታና የጕድጓዱን ውኃ ጥልቀት በየጊዜው እየለኩ ይጽፉ ነበር። ተመራማሪዎችም ያንን መዝገብ ከሌሎች የልክ ምንጮች ጋር አመሳክረው የሚታመን ሆኖ አገኙት። ሰዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አልነበሩም፤ ነገር ግን በስፍራው ስለሚኖሩ ዝናቡ ሲወርድ እዚያው ነበሩ። ተመራማሪ ከከተማ መጥቶ አንድ ቀን ለክቶ ይመለሳል፤ የወንዝ ልጅ ግን በየቀኑ ከወንዙ ጋር ነው። ይህ የእኛ ትልቁ ሀብት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ በልባችሁ ያለውን እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ቀለም እንዲቈጥር ነው እንጂ ወንዝ ለወንዝ እንዲዞር አይደለም፤ ለዚህ ለዚህማ ከብት ሲጠብቅ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። ይህ አነጋገር እውነት የሌለበት አይደለም፤ ያለ ዓላማ ወንዝ ዳር መዋል ጨዋታ ነው። እኛ የምንለው ግን እጅና ቀለም በአንድነት ይሥሩ ነው። ይህም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአገራችን ወጣቶች ከአውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎች ሥር ሆነው በእጃቸው እየሠሩ ሲማሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍም የተሠራው በዚያ ነው። ያን ጊዜ የተፈለገው መድፍ ነበር፤ ዛሬ የሚፈለገው አፈራችንንና ውኃችንን ማዳን ነው።

ሌሎቻችሁ ደግሞ የምትፈሩት ስለ ልጆቻችሁ ደኅንነት ነው። በዚህ ላይ ከእናንተ ጋር አንድ ነን፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳልና። ስለዚህ ሥራው የራሱ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ክረምት ወንዙ በሞላ ጊዜ ማንም ተማሪ ወደ ዳር አይቀርብም፤ ውኃ የሚቀዳው መምህር ባለበት ከድልድይ ላይ በገመድና በባልዲ ነው። በበጋም ተማሪ ብቻውን አይሄድም፤ ዋና አይፈቀድም። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ ያለ በሽታ ስለ ሆነ፥ ውኃው በተኛበትና ሣር በበዛበት ዳርቻ በባዶ እግር አይገባም፤ ወደ ውኃው የሚገባው ቦት ጫማ ያደረገ ብቻ ነው። ውኃ የነካው እጅና እግር ወዲያው ይደረቃል፤ ሥራው ሲያልቅም በሳሙና ይታጠባል። ሕመም የተሰማው ተማሪ ሳይደብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ በሽታው መድኃኒት አለውና። ሽንት ቤት መጠቀምም ከዚሁ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው፤ የቢልሃርዝያ ዕንቍላል ወደ ወንዝ የሚገባው በሜዳ ላይ ከተጣለ ዓይነ ምድር ነውና። እንዲህ ሲታይ፥ ልጁ ዛሬም ሳይጠነቀቅ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ትምህርቱ ወደ ወንዝ የሚወስደው ሳይሆን ተጠንቅቆ እንዲወርድ የሚያደርገው ነው።

አሁን ልመናችንን እናቅርብ። ልመናችን ሦስት ነው።

ለወላጆቻችን፤ በወር አንድ ቀዳሚት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ልጆቻችሁን፥ ወንዶቹንም ሴቶቹንም፥ እንድትፈቅዱልን እንለምናለን። ሴቶቹን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤት ሰው ሁሉ ይልቅ ውኃውን የምታውቀው ቀጅዋ ናት፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚጐድል የምትናገረው እርሷ ስለ ሆነች ከመዝገቡ ልትቀር አይገባም።

ለመምህራኖቻችን፤ የወንዙ ሥራ ከትምህርቱ ውጭ እንደ ተጨማሪ ጨዋታ እንዳይቈጠር፥ ከማርክ ጥቂቱ እንዲመደብለት እንለምናለን። የሂሳብ መምህር የውኃውን ብዛት፥ የባዮሎጂ መምህር ነፍሳቱን፥ የጂኦግራፊ መምህር ተራራውንና ሜዳውን፥ የአማርኛ መምህር ከሽማግሌዎች የተሰማውን የመጻፍ ሥራ ቢካፈሉት አንድ ወንዝ አራት ትምህርት ይሆናል።

ለውድ ጓደኞቻችን፤ አንድ የወንዝ መዝገብ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በመዝገቡም ላይ ቀኑ፥ ስፍራው፥ የለካው ሰው ስምና ልኩ በቀለም ይጻፍ። ያላየነውን አንጻፍ፤ የጻፍነውን አንፋቅ፤ ያልተለካበትን ወር ባዶውን እንተወው እንጂ በግምት አንሙላው። አንድ ክፍል ተምሮ ሲወጣ መዝገቡን ለሚቀጥለው ክፍል በእጁ ያስረክብ። የአንድ ቀን ልክ ወሬ ነው፤ የአንድ ዓመት ልክ ትምህርት ነው፤ የአሥር ዓመት ልክ ግን ለዳኛም፥ ለእርሻ ባለሙያም፥ ለመንግሥትም የሚቀርብ ምስክር ነው። ቍጥር ለላይኛውም ለታችኛውም አያዳላም።

ይህን ስንናገር ተማሪዎች በደብተርና በእርሳስ ወንዙን ያድኑታል ማለታችን አይደለም። ጉናን የሚያለብሰው ዛፍና እርከን ነው፤ ውኃውን በፍትሕ የሚያካፍለው የገበሬው ስምምነት ነው፤ ዓሣውን የሚጠብቀው ሕግና ሕግን የሚያከብር አጥማጅ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጀመረው አንድ ሰው ሲጠይቅና ሌላው በማስረጃ ሲመልስ ነው። ከእኛ መካከል ነገ ገበሬ የሚሆን አለ፥ ሐኪም የሚሆን አለ፥ መምህርና ዳኛ የሚሆን አለ። በልጅነቱ ድንጋይ አንሥቶ ሥሩ ያለውን ሕይወት ያየ ገበሬ በወንዙ አፋፍ ላይ ሲያርስ እጁ ይከብደዋል። ውኃን ለክቶ ያወቀ ዳኛ የውኃ ክርክር ሲመጣለት የሚጠይቀውን ያውቃል።

ጉማራ እኛ ሳንወለድ ይፈስ ነበር፤ ከእኛም በኋላ ይፈሳል። በምን መልክ እንደሚፈስ ግን በላዩ የሚኖረው ሰው ሥራ ይወስነዋል። ትምህርት ቤታችን በሚመጣው ዘመን ሌላ የምሥረታ በዓል ሲያከብር፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በዚህ ስፍራ ቆመው የወንዙን መዝገብ ገልጠው «በዚህ ዓመት፥ በዚህ ወር፥ በዚህ መሻገሪያ ውኃው ይህን ያህል ነበር» ብለው ማንበብ ይችሉ ዘንድ የመጀመሪያውን ገጽ በዚህ በጋ እንድንጽፍ ፍቀዱልን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፥ ወንዛችንንና አገራችንን ይጠብቅልን።